በእሳቱ የሞቀ

የጥዳምባ ሰዎች አረጋን የደን ጠባቂ አድርገው የመረጡት ስለሚወዱት አይደለም። ማንንም የማይፈራ፣ ለማንም የማያዳላ ሰው ሲፈልጉ ከእሱ ሌላ ስላጡ ነው። ጥዳምባ ከላሊበላ በላይ፣ ከአሸተን ማርያም ተራራ ማዶ ባለው ደጋ ላይ ያለች መንደር ናት። ከመንደሯ በላይ የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ከቤተ ክርስቲያኗ በላይ ደግሞ ደኑ አለ፤ ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ከፍ ሲሉ አስታው። በዙሪያው ያለው ተራራ ሁሉ ተላጭቶ ድንጋዩ ሲያገጥጥ ያ ደን ብቻ እንደ ጎፈሬ ቀርቷል። ምንጩ የሚፈልቀው ከእሱ ሥር ነው። የጥዳምባ ሰው ደኑን የሚወደው ለውበቱ ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ ደን ሲሄድ ውኃም ተከትሎ እንደሚሄድ ከታች ጎረቤቶቹ አይቶ ተምሮ ነው።

ስለዚህ ከዓመታት በፊት ተሰብስበው ሕግ አወጡ። ከወረዳ የመጣ ሳይሆን ራሳቸው መክረው፣ ራሳቸው የማሉበት ሕግ ነው። እርጥብ እንጨት አይቆረጥም። ደረቁንም ቢሆን ማንም ለብቻው አይለቅምም፤ ኅዳር ላይ አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ይወጣል፣ ሣሩን ያጭዳል፣ የወደቀውን እንጨት ይሰበስባል፣ በየቤቱ እኩል ይካፈላል። ከዚያ ቀን ውጭ ደኑ የኪዳነ ምሕረት ነው፣ ጠባቂው ደግሞ አረጋ።

አረጋ ጠባቂነቱን እንደ ምንኩስና ነበር የያዘው። የገዛ በሬው አጥር ጥሶ ደኑ ውስጥ የገባ ቀን፣ በሬውን ራሱ እየነዳ ሽማግሌዎቹ ፊት አቁሞ «ቅጡኝ» አለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ የተረቡት ነበሩ፤ አልሰማቸውም። ሚስቱ ባንቺዓለም ደግሞ አንድ ጊዜ ከምንጭ ስትመለስ የወደቀ ጭራሮ አገኘችና አንሥታ ይዛ መጣች። አረጋ ከደጅ ቆሞ ጠበቃት።

«ከየት ነው?» አላት።

«ከመንገድ።»

«መንገዱስ የማን ነው?»

እንስራዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ መልሶ ሰደዳት። ይህ ነገር በጥዳምባ ለብዙ ዘመን መሳቂያ ሆኖ ኖረ፤ ባንቺዓለምም አብራ ትስቅ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቤት የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበት ሲያልቅ የባቄላ አገዳ ነው፤ አገዳውም ሲያልቅ ብርድ ነው። ጎረቤቶቹ በየጓሯቸው ባሕር ዛፍ ተከሉ። አረጋ ግን ማሳው ከምንጩ አጠገብ ስለሆነ፣ «ባሕር ዛፍ ውኃውን ይመጥጥብናል» ብሎ አንድ እግር እንኳ አልተከለም። «በጠባቂው ቤት እንጨት ይነዳል እንዳትባዪ» ይላታል ባንቺዓለምን። እሷም ጋቢዋን ትደርባለች።

ጦርነቱ መጥቶ ያለፈ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ከፋ። መብራት ጠፍቶ ከተማው በሙሉ እንጨት ፈላጊ ሆነ። ከሰል አክሳዩ በየተራራው ወጣ፣ የየደብሩ ደን ተመነጠረ። መሣሪያ የያዘ ሰው በበዛበት አገር የሽማግሌ ቅጣት ማንን ያስፈራል? የጥዳምባን ደን ያተረፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግዝት። የተገዘተ ሰው ወጥቶ እስኪናገርና እስኪፈታ ድረስ አይቆርብም። በዚያው ከሞተም ፍትሐት የለውም፤ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ እንደ ከብት ይቀበራል። ላስታ ላይ ጥይት የማይፈራ ሞልቷል፤ ይህን የማይፈራ ግን የለም።

በዚህ ዓመት ሰኔ ላይ ባንቺዓለም ታመመች። ሳል ያዛት፣ ጎኗን ወጋት፣ ሰውነቷ አለቀ። በቃሬዛ ተሸክመው ላሊበላ ወረዱ፤ ሐኪሙ አይቷት መድኃኒት ሰጠና «ከሁሉ በላይ ብርድ እንዳይነካት» ብሎ መለሳት። ብርድ እንዳይነካት! ክረምት፣ በዚያ ደጋ፣ በአረጋ ቤት። አረጋ ጋቢውን አውልቆ አለበሳትና ከኩበት ክምሩ የደረቀውን ይመርጥ ጀመር።

ነሐሴ እንደገባ፣ ደኑ ውስጥ ሲዘዋወር ከታችኛው ጫፍ የተቆረጠ ወይራ አገኘ። ጉቶው ገና ቀይ ነበር። አረጋ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠና ጉቶውን በመዳፉ ዳሰሰው። ከሰል አክሳዮቹ መጡ ማለት ነው ብሎ አሰበ። ዛሬ አንድ፣ ነገ አሥር፣ ከነገ ወዲያ ተራራው እንደ ሌላው ተራራ። ወዲያው ወደ ቤት ወርዶ ባንቺዓለምን ለጎረቤቱ ለየትናየት አደራ ሰጣት። የትናየት ባሏ የሞተባት፣ እጇ ከሥራ፣ አፏ ከሳቅ የማይቦዝን ሴት ናት። «ይሂዱ፤ እኔ እያለሁ አይቸገሩም» አለችው። አረጋም ደኑ ውስጥ ካለችው የጥበቃ ጎጆ ገብቶ ከረመ።

እንቅልፍ ብሎ ነገር አልነበረም። ጭጋጉ ሲወርድ ሰው የመጣ ይመስለዋል፤ ጭጋጉ ሲነሣ ሰው ያመለጠው ይመስለዋል። ከላይ ሲጠብቅ ከታች፣ ያው ወይራ ከወደቀበት ቦታ ቅርንጫፉ እየተመለመለ እየተወሰደ ነበር። አንድ ቀን ደርሶ ሲያይ ግንዱ አጥሮ ጠበቀው። እየቀለዱብኝ ነው አለ አረጋ፤ ንዴት እንደ ቃር አቃጠለው። አንድም ቀን ግን ወደ ቤቱ አልወረደም።

የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ነው። በዚያ ቀን ቅዳሴ ሳይገባ አረጋ በማለዳ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ዘንድ ሄዶ ተንበረከከ። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ የደብሩ አገልጋይ፣ የመንደሩም የንስሐ አባት ናቸው። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ጉንፋን ጠፍሯቸው አፍንጫቸው ተዘግቶ ነበር።

«አባ፣ ይገዝቱልኝ» አለ።

«በንግሥ ቀን?»

«ሰው ሁሉ የሚገኝ ዛሬ ነው፤ ዛሬ ካልሆነ ደኑ አለቀ።»

«አረጋ፣ ግዝት ውሻ አይደለም፤ ከሄደ በኋላ ና ቢሉት አይመለስም።»

«አይመለስ! የቆረጠ፣ ያስቆረጠ፣ አይቶ ዝም ያለ ይበሉልኝ። ደግሞም በእሳቱ የሞቀ ይበሉልኝ።»

ቄሱ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «የሞቀው ሰውዬ ደግሞ ምን በደለ?»

«የሚሞቅ ባይኖር የሚቆርጥ ከየት ይመጣል? ሁሉም ይታሰር አባ! ከሞቀው ጀምሮ ይታሰር!»

ቄሱ ቃሉን አልወደዱትም። ግን ያ ሰው እንደ ጅብ ዋሻ ውስጥ ከርሞ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሲያዩት አንጀታቸውን በላቸው። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሳይበተን መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱ። በሚመጣው እሑድ አውጫጭኝ እንደሚቀመጥም ተናገሩ። አውጫጭኝ ከተባለ አገሩ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይወጣል፤ ማንም አይቀርም፣ ማንም ሳይጨርስ አይሄድም፤ እያንዳንዱ በተራው መስቀል ይዞ «አልቆረጥኩም፣ አላየሁም» ብሎ ይምላል።

ሕዝቡ «አሜን» አለ። ያ አሜን ቀጭን ነበር፤ ከጉሮሮ ያልወጣ፣ ከከንፈር የተንጠባጠበ አሜን። አንዳንዱ መሬት መሬት አየ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። አረጋ ግን፣ ፈርተዋል አለና ደስ አለው። ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ወረደ።

በሩን ሲከፍት ሙቀት ተቀበለው። እንዲህ ያለ ሙቀት በዚያ ቤት ኖሮ አያውቅም። ባንቺዓለም መደቡ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ላይ ደም አለ። «መጣህ?» አለችው፤ ድምፅ ነበራት። የትናየት ምድጃው ሥር ተቀምጣ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። ከዚያ ሽታው መጣ፤ ያ የጠላ ጋን የሚታጠንበት፣ ሕፃን እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቀው ሽታ። ወይራ ነው።

አረጋ ከደጃፉ ቆሞ ቀረ። ከዚያ የትናየትን በእጁ ምልክት ጠርቶ ከቤቱ ጀርባ ወሰዳት።

«ከየት ነው?»

«ምኑ?» አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «አያ አረጋ፣ ገና እርስዎ ጎጆ ሳይገቡ ልጠይቃት ብመጣ ኩበቱን ዝናብ ገብቶበታል። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ‹የትናየት፣ ልሞት ነው› ብትለኝ ምን ላድርግ? ያ ወይራ በአንድ ጎኑ ደርቆ የነበረ ነው። አሳምሜ አልቆረጥኩትም፤ ማንደድ የጀመርኩትም እርስዎ ጎጆ ከገቡ ወዲህ ነው።»

«ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የተባለውን ሰምተሻል?»

«እኔ የት ወጥቼ? እሷን ለማን ትቼ?»

ነገራት። ቃሉን አንድ በአንድ ነገራት። በእሳቱ የሞቀ የሚለውንም አልዘለለውም። የትናየት ወደ ቤቱ ዞረች።

«እሷም?» አለች።

«እሷም። አንቺም። እኔም አሁን ገብቼ ሞቅኩ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? አረጋ ሌባ ላይ የወረወረው ገመድ ዞሮ የታመመች ሚስቱን አንገት ያዘ። የወረወረውም ራሱ ነው፤ ቄሱ ሲያመነቱ የገፋቸውም ራሱ ነው።

ቤት ገብቶ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር እሳቱን ማጥፋት ነበር። ፍሙን በአመድ ደፈነው፣ የቀረውን እንጨት ተሸክሞ ወጥቶ ከገደሉ ሥር ጣለው።

«ምነው አጠፋኸው?» አለች ባንቺዓለም።

«ጭሱ በዛብሽ ብዬ ነው።»

«ወይራ ደግሞ ምን ጭስ አለው?»

እርጥብ ኩበት አምጥቶ እፍ ሲል ዋለ፤ ቤቱ ጭስ ብቻ ሆነ። ሳሏ በማግስቱ ተመለሰ።

አረጋ በሌለበት ሰሞን ያ ቤት ሰው ሲገባና ሲወጣ ነበር የሰነበተው። በአገሩ ታማሚ አለመጠየቅ ነውር ነው፤ የመንደሩ ሰው በየተራ መጥቷል፤ ምድጃው ዙሪያ ተቀምጦ «እግዜር ይማርሽ» ብሏል። ከንግሡ ቀን ወዲህ ግን ዝር የሚል ጠፋ። ሰኞም ማንም አልመጣም፣ ማክሰኞም አልመጣም። ከየትናየት በቀር፣ እሷም ምግብ አድርሳ ቀና ብላ ሳታይ ትወጣለች።

«ሰው ምነው ቀረ?» አለች ባንቺዓለም። አንዴ ጠይቃ አልተወችም፤ ደጅ ዶሮ ኮሽ ባደረገች ቁጥር እንኳ «ሰው መጣ እንዴ?» ትላለች። አረጋ «ዝናቡ ነው» አላት። ሐሙስ ቀን ፀሐይ ወጣ።

«ሰው የቀረው፣ እሳቱም የጠፋው ከንግሡ ወዲህ ነው። ምን ብላችሁ ገዘታችሁ?» አለችው፣ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል።

ነገራት።

«በእሳቱ የሞቀ ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ጋቢዋን ሳብ አደረገች። ከዚያ እንዲህ አለችው፤ «የመጀመሪያው ቀን ሲነድ ከሽታው አውቄው ነበር። የት አመጣሽው ብዬ አልጠየቅኋትም። ብጠይቅ ትመልሰዋለች ብዬ ፈራሁ። አንተ ካገባኸኝ ጀምሮ ሲበርደኝ ነው የኖርኩት አረጋ። ደኑ ይሻላል ብለህ ነው፣ እኔም ይሻላል ብዬ ነው፤ አልከፋኝም። ያን ሰሞን ግን ሞቀኝ። ምን ላድርግ፤ ሞቀኝ።»

አረጋ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እንደ ሕፃን ማልቀስ አማረው፤ አፈረ።

«ተገዝቼ ልሞት ነው እንግዲህ?» አለች። «እናቴ አጠገብ አልቀበርም?»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አረጋ ትንፋሿን መቁጠር ያዘ። ስታስል ይደነግጣል፣ ሳሉ ሲቆም ደግሞ የባሰ ይደነግጣል። ታዲያ ለምን ወዲያው ሄዶ ለቄሱ አይናገርም? ሊሄድ ተነሥቶ ነበር፤ አርብ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ደርሶ ተመልሷል። ቢናገር የትናየት ትጠየቃለች። ከሰንበቴ ትወጣለች፣ ማንም እሳት አያበድራትም፣ ያውም ሚስቱን ስለደገፈችለት። ደግሞም ሌላ ነገር አለ፤ «ጠባቂው ቤት ወይራ ይነድ ነበር» የሚለው ወሬ ከተማ የወረደ ቀን ደኑ አጥር አጣ ማለት ነው። ግዝቱን ማን ይፈራል ከእንግዲህ? ከሰል አክሳዩ ይህን ነው የሚጠብቀው። ዝም ቢልም ደግሞ እሷ በዚህ ሌሊት፣ በዚያኛው ሌሊት… አእምሮው እዚህ ሲደርስ ይቆማል። ያን ሁሉ ዓመት ለማንም ያላዳላ ሰው፣ አሁን ለማን እንደሚያዳላ ጨንቆት ደጅና ቤት ይል ነበር።

የትናየት ቅዳሜ መጥታ «እኔ እናገራለሁ» አለችው።

«ትንሽ ቆዪ» አላት።

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም» አለ። እውነቱን ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ አገሩ ሁሉ ከደጁ ትልቁ ጥድ ሥር ተሰበሰበ። በአውጫጭኝ ሕግ ማንም አይቀርምና የትናየትም መጥታለች። ባንቺዓለም ብቻዋን ቀረች፤ እሳት የሌለው ምድጃ አጠገብ፣ ሁለት ጋቢ ለብሳ። አረጋ ሲወጣ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

አውጫጭኙን የሚመሩት አያ አዳም ናቸው፤ የመንደሩ አንጋፋ ሽማግሌ፣ ነገር ከሥሩ ካልተነሣ የማይወዱ። እንደ ልማዳቸው ደኑን ማን እንደተከለው፣ ምንጩን ማን እንዳገኘው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ተናገሩ። ከዚያ መማል ተጀመረ። ነገር ግን መሐላው አልሄድ አለ። የመጀመሪያው ሰው መስቀሉ ፊት ቀርቦ «አልቆረጥኩም» አለ፤ ከዚያ ቆም ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና «ውኃ ጠማኝ» ብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው እግሬን አመመኝ አለ። ሦስተኛው፣ ቀድሜ ልማል ያለ ሌላ ሰው አለ ብሎ ወደኋላው ጠቆመ። አያ አዳም ተቆጡ፤ ጊዜው ሄደ፤ ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንደሩን ሸፈነ። አረጋ ቁልቁል ወደ ቤቱ ቢያይ ጣራው አይታይም። በዚህ አያያዝ እስከ ማታ አያልቅም። እሷ ደግሞ ብቻዋን ናት።

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። መጠበቅ ስላቃተው ነው የተነሣው።

«አሳጥሩት!» አለ፣ ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። «በእሳቱ የሞቅኩ እኔ ነኝ። ሚስቴም ሞቃለች። እየሞተችብኝ ነው፤ ፍቱልኝ!»

ከመስቀሉ ፊት ተንበረከከ። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ መስቀላቸውን እንደያዙ ቀረብ አሉት።

«የት ነው የሞቅኸው?»

«ከቤቴ።»

«ከቤትህ ያ እንጨት የነደደው መቼ ነው?»

«እኔ ጎጆ በከረምኩበት ሰሞን፣ በጾሙ።»

ቄሱ ራሳቸው በጾሙ እኩሌታ፣ ያ ሁሉ ዝናብ በዘነበበት ቀን፣ ለባንቺዓለም ድርሳን ሊያነቡላት ሄደው ነበር። ልብሳቸው ርሶ ስለነበር ከሁሉ ይልቅ ወደ ምድጃው የተጠጉት እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው «እሰይ! ዛሬስ በዚህ ቤት እሳት አለ!» ማለታቸውን አስታወሱ። አፍንጫቸው ተዘግቶ ስለነበር ሽታውን አልለዩትም፤ ሙቀቱን ግን አልረሱትም። ከዚያ መስቀላቸውን ድንጋይ ላይ በቀስታ አኖሩት።

«አረጋ፣ አንተ ተነሥ» አሉ፤ «እኔ ልንበርከክ። እኔም ሞቄያለሁ።»

ይህን ጊዜ ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ አፏን በእጇ ያዘች። አያ አዳም ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔስ የት ነበርኩ?» አሉ። «በፊተኛው ሰንበት ልጠይቃት ሄጄ ጀርባዬን ሳሞቅ አልዋልኩም? ያውም ወይራ መሆኑ እየሸተተኝ!» ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው? እኔም፣ እኔም፣ እኔም የሚል ከየአቅጣጫው ተነሣ። መንደሩ በሙሉ ታማሚ ጠይቋል፤ መንደሩ በሙሉ ሞቋል። አፍንጫ ያለው ሁሉ አውቆ ለባንቺዓለም ብሎ ዝም ብሏል፤ በንግሡ ዕለት ያ ቀጭን አሜን የወጣው ከዚህ ነበር። አረጋ ይህ የገባው አሁን ነው። እሱ ደኑ ውስጥ ሌባ ሲጠብቅ፣ ሌላው ሁሉ ሚስቱን እየጠበቀለት ነበር።

የትናየት መሐል ገብታ ቆመች። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሰው ሲበርደው አየሁ፤ ሌላ አላየሁም። የምትሉኝን በሉኝ።»

ፈራጁም የታሰረ፣ ምስክሩም የታሰረ፣ የገዘቱትም የታሰሩ ሆነው ማን ማንን ይጠይቃል? አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው፤ ምክንያቱም ነገሩ አልተፈታም። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ «እኔ የታሰርኩ ሰው ሌላውን ልፈታ አልችልም» አሉ። «አሸተን ማርያም ያሉት አባ ወልደ ኪዳን ይምጡ።» አረጋ እንደ ልማዱ «እኔ እሄዳለሁ» ብሎ ዱላውን አነሣ። አያ አዳም ግን ዱላውን ከእጁ ወሰዱት።

«አንተ ሚስትህ ጋ ሂድ» አሉት። «መሄዱንስ እስከ ዛሬ ሄደሃል።»

ሁለት እግረ ፈጣን ሰዎች ወደ አሸተን ተላኩ። አረጋ ጉሙን እየሰነጠቀ ቁልቁል ሮጠ፤ በሩን ሲከፍት ድምፅ የለም። «ባንቺ!» አለ። ከጋቢው ሥር «አለሁ፤ አትጩህ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ሲነጋ ሰው መምጣት ጀመረ። ከየጓሮው የተቆረጠ ባሕር ዛፍ በትከሻው አምጥቶ ከደጁ እየጣለ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ «እንዴት አደርሽ?» እያለ ገባ። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

አባ ወልደ ኪዳን በበቅሎ የደረሱት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሽማግሌ መነኩሴ፣ ደርቀው አጥንት የቀራቸው። ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲጠብቃቸው እሳቸው «የቸኮለው ማነው?» ብለው ጠየቁና በቅሎዋን ወደ አረጋ ቤት መለሷት። ባንቺዓለም ከመደቡ ልትነሣ ስትሞክር በእጃቸው ከለከሏት። መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው ፈቷት። እሷ ዓይኗን ጨፍና ሰማቻቸው፤ እንባዋ በጉንጯ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወደ አረጋ ዞሩ።

«በእሳቱ የሞቀ ያልኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«ሰው የማይሞቅበት ደን ለማን ነው የምትጠብቀው?»

«ለውኃው ብዬ ነው፤ ለልጆቹ።»

«እሱስ መልካም ነው» አሉ። «እሷስ?»

መነኩሴው መልሱን አልጠበቁም። ወጥተው የቀረውን ሕዝብ ፈቱ፣ ለየትናየት ስግደት አዘዙላት፣ ለአረጋ ደግሞ ከእሷ እጥፍ። የቆረጠና ያስቆረጠ የሚለው ግዝት እንደገና በእሳቸው አፍ ጸና። በእሳቱ የሞቀ የሚለው ቀረ። በዚያው ቀን አያ አዳም ሰውን አስቀምጠው ሕጉ ላይ አንድ ነገር አስጨመሩ፤ ለታመመና ለአራስ ከደኑ የወደቀ ደረቅ እንጨት ይሰጣል፤ የሚሰጠውም ጠባቂው ራሱ በቀን፣ በአደባባይ ተሸክሞ ነው።

የመጀመሪያው ተሸካሚ አረጋ ሆነ። በማግስቱ ንፋስ የጣለውን የወይራ ቅርንጫፍ ሰብስቦ በጀርባው ጭኖ፣ በመንደሩ መሐል ለመሐል ቁልቁል ወረደ። ሰው ከየደጁ ወጥቶ ያየዋል። ፊቱ እፍረት ለብሶ ነበር፤ እግሩ ግን አልቆመም። ቤት ገብቶ ሸክሙን ምድጃው ሥር አወረደ። ባንቺዓለም ከመደቡ ላይ ሆና እንጨቱን አየች፣ እሱን አየች።

«ከየት ነው?» አለችው።

አረጋ ጎንበስ ብሎ እሳቱን ሲያያይዝ፣ «ከመንገድ» አለ።

«መንገዱስ የማን ነው?»

ሳቀች፤ ከሰኔ ወዲህ ስቃ አታውቅም። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉም ቶሎ አልቆመም። አረጋ እንጨቱን ጥሎ ተነሣና ጀርባዋን በመዳፉ ደግፎ፣ እስኪያልፍላት ድረስ እንደያዛት ቆየ።